የግዮንግጁ መቃብሮች ከውስጥ የእንጨት ሥራ ናቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ደቡብ ኮሪያዋ የግዮንግጁ ከተማ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን በከተማዋ መካከል እንደ ኮረብታ ጉብ ጉብ ብለው የሚታዩትን የሲላ መንግሥት መቃብሮች «የድንጋይ ክምር» ብሎ ማለፉ ዋናውን ነገር ሳይነካ ቀርቷል። በግንባታ ሙያ የምተዳደርና ቦታውን ሁለት ጊዜ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 6ኛው መጀመሪያ ድረስ የሲላ ሠራተኞች ለሟቹ በቅድሚያ የሚሠሩለት የእንጨት ክፍል ነበር። መሬቱን ቆፍረው ወይም ደልድለው፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ከእንጨት የሆነ፣ በር የሌለው ክፍል ያቆማሉ። አስከሬኑ ያለበት ሣጥንና የሟቹ ዕቃ የሚቀመጥበት ሌላ ሣጥን በዚህ ክፍል ውስጥ ያርፋሉ። ከዚያ በኋላ በጎንና በላዩ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ይከመርበታል፤ ክምሩ ውኃ እንዳያስገባ በጭቃ ይመረጋል፤ በመጨረሻም አፈር ይለብስና ግርጌው እንዳይናድ ዙሪያውን በድንጋይ ይታሰራል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ መንታ ጉብታ ያለው የህዋንግናም ዴቾንግ መቃብር ነው። በደቡቡ ጉብታ ውስጥ ከክፍሉ ውጭ ቋሚዎችና አግዳሚዎች ተተክለው፣ ድንጋዩ ሲከመር እንዳይንሸራተት ደግፈው ይዘውት እንደነበር ቁፋሮው አሳይቷል። ያንን ሁሉ ጭነት የሚያስብ አናጢ አስቀድሞ ያቀደው ሥራ እንጂ የዘፈቀደ ክምር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተቆፈረው የቾንማቾንግ መቃብር ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ጉብታው 12.7 ሜትር ከፍታና 47 ሜትር ስፋት አለው። ወደ ውስጥ ሲገቡ የድንጋዩ ክምር ተቆርጦ እንደታየ ሆኖ ከራስ በላይ ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው የእንጨት ክፍል ከዚያ ሁሉ ክብደት ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ከዕቃው ሣጥን የተገኘው፣ በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ የተሣለው ነጭ ፈረስ ለመቃብሩ ስሙን ሰጥቶታል፤ «ቾንማ» ማለት የሰማይ ፈረስ ማለት ነውና።

እንጨቱ በስብሶ ክፍሉ ሲደረመስ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ፈሶ ባዶውን ቦታ ሞላው። ብዙ ዕቃ ተሰባብሯል፤ ሆኖም ከላይ ሊቆፍር የሚሞክር ሌባ አንድ ድንጋይ ባነሳ ቁጥር ሌላው ስለሚናድበት፣ የወርቅ ዘውዶቹና ቀበቶዎቹ እስከ ዘመናችን በቦታቸው ቆዩ። መግቢያ መተላለፊያ የነበራቸው፣ የሲላ ጎረቤት መንግሥታት የጎጉርዮና የቤክቼ የድንጋይ መቃብሮች ግን አብዛኞቹ ተዘርፈዋል።

በር አለመኖሩ ግን የራሱ ዋጋ ነበረው። ከባል በኋላ የሞተችን ሚስት እዚያው ክፍል ማስገባት አይቻልም፤ የተዘጋው አይከፈትም። ስለዚህ በህዋንግናም ዴቾንግ ሁለተኛ ጉብታ ከመጀመሪያው ጋር ተያይዞ ተሠራና፣ አሁን ርዝመቱ 120 ሜትር ያህል የሆነ መንታ ኮረብታ ይታያል። በሰሜኑ በኩል የተቀበረችው ሴት መሆኗን «የእመቤት ቀበቶ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የብር ጌጥ መስክሯል። ሲላዎች በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ወዳለው የድንጋይ ክፍል ሲሻገሩ ይህ ችግር ቀረ።

እንጨቱ ጨርሶ ያልጠፋበት ቦታም አለ። በቻንግዎን አካባቢ ባለችው ዳሆሪ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የተቀበረ ሰው ሣጥን እ.ኤ.አ. በ1988 ከረግረግ ውስጥ ወጥቷል። የኦክ ዛፍ ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ በተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ የዕቃ ቅርጫት ተቀምጦ፣ ከዕቃዎቹም መካከል የመጻፊያ ብሩሾች ተገኝተዋል። ጭቃው አየር ስለከለከለው እንጨቱ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ቅርጹን እንደያዘ ተገኘ።

በሚቀጥለው እትማችሁ ከፎቶግራፉ ሥር ያለው መግለጫ «በድንጋይና በአፈር የተሸፈነ የእንጨት መቃብር» ተብሎ እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሴኡል