ጳጉሜን 4 የተወለደው ጌም፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መምህራን ማረፊያ ውስጥ «የጌም ክበብ» እንደምትሉን እናውቃለን። ሰምተን ስቀናል። ዘንድሮ ግን ነገሩ ትንሽ በዛ። አንድ ወላጅ ልጃቸውን ከክበቡ ሊያስወጡ ድረስ መጡ። «ጌም ቤት እንዳይውል ብዬ ወደ እናንተ ብልከው፣ ጌሙን እናንተው አመጣችሁለት?» አሉኝ። ሐቅ አላቸው፤ አምጥተናል። ግን የመጣው ምን እንደሆነና ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሠራንበት ሳትሰሙ አትፍረዱብን።

ጥቅምት ላይ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር የቀድሞ ተማሪያችን ቤተሰብ ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ሴጋ ድሪምካስት ይዛ መጣች፤ ሴጋ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የድሮ የጌም ማሽኖች። የወንድሟ ነበሩ። «ልጥላቸው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ» አለች። ነጫጭ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የትልቅ መዝገበ ቃላት ያህል። ከክበቡ ልጆች አንዱም ስሙን ሰምቶት አያውቅም። «ፎርጅድ ፕሌስቴሽን ነው?» ያለም ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። የአሜሪካ ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። የመጀመሪያውን ድሪምካስት በቀጥታ የሰካሁት እኔ ነኝ። የአይሲቲ መምህሩ! ጠሽ አለ፣ ትንሽ ጭስ ወጣ፣ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሁሉም ጸጥ አሉ። ከኋላ አንዱ ብቻ «ቲቸር፣ ዋጋው ስንት ነበር?» አለኝ።

ሁለተኛውን ለማትረፍ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገን ነበር። በጀት ጠየቅን። «በዕቅድ አልተያዘም» ተባልን። የሚቃጠል ዕቃ በዕቅድ እንዴት እንደሚያዝ እስካሁን አልገባኝም። ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጡ፣ እኔም ጨመርኩበት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሆነን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን።

ምናለሽ ተራን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ልጆቼ ግን አብዛኞቹ ስሙን እንጂ ቦታውን አያውቁትም ነበር። የቀለም ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሲሆን ቆመው አዩ። መዶሻው ጆሮ ይበጥሳል። ከዚያ መሀል አንድ ሽማግሌ ከሞተርና ከሽቦ ክምር ጀርባ ተቀምጠዋል።

«ለፍሪጅ ነው?» አሉ።

«አይ አባባ፣ ለጌም ነው።»

«ለጌም!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከክምሩ አንድ ዝገት የበላው ትራንስፎርመር አወጡና እጄ ላይ ጣሉት። ይከብዳል። «110 ነው፣ ይኸው ተጽፎበታል። ውሰደው መምህር።» እኔ ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቻለሁ።

ይሄኔ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላችን መጣች። መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ስም ስጠራ እጇን ታወጣለች፤ በቃ። በነጠላዋ የጠቀለለችውን የላቦራቶሪ ቴስተር ከቦርሳዋ አወጣች። እንደያዘችው እንኳ አላውቅም ነበር። «አባባ፣ መብራት አለ? ልለካው?» አለቻቸው። ሰካች፣ ለካች። በአንዱ በኩል 220 ገባ። በሌላው በኩልም 220 ወጣ።

«ይሄ ውስጡ ተቃጥሏል፤ አይሆንም» አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችንም።

ሽማግሌው ሌላ አወጡ። እሱንም መለሰችው። ሦስተኛው 112 አነበበ። «ይሄን ይስጡን» አለች። እሳቸው ቴስተሩን አዩ፣ እሷን አዩ። «ማነው ያስተማረሽ ልጄ?» አሉ። ወደ እኔ ጠቆመችና «ቲቸር ናቸው» አለች። የመጀመሪያውን ሳይለካ ሰክቶ ያቃጠለው ቲቸር! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ግን ካሉት ዋጋ ግማሹን ቀነሱ። «ለእሷ ስል ነው፣ ላንተ እንዳይመስልህ» አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ትራንስፎርመሩን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ለማንም አልሰጥ አለች።

ሰኞ ዕለት ሁለተኛውን ድሪምካስት አበራነው። መጀመሪያ «ጢጥ» የሚል ረጅም ጩኸት ሰማን። መያዣው (እጅ ላይ ይዘን የምንጫወትበት ባለ ቁልፉ) ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማስታወሻ ካርድ አለ፤ ቪኤምዩ ይባላል። የራሱ ስክሪንና ቁልፎች አሉት። ነቅለህ ኪስህ ከተህ ለብቻው ትጫወትበታለህ። ሁለቱ ክብ ባትሪዎቹ ካለቁ በበራ ቁጥር ይጮኻል። ከዚያ ብርቱካናማው ጥምዝ ስክሪኑ ላይ ተሳለ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ «ቀንና ሰዓት አስገቡ» አለን። ሰዓት የሚይዘው የውስጥ ባትሪም አልቋል። ስክሪኑ ላይ የቆመው ቀን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1998 ነበር።

ያ ቀን ድሪምካስት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣበት ነው። ልጆቹ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱት፤ ኅዳር 18 ቀን 1991። የአሜሪካውስ? አሜሪካኖቹ 9/9/99 ብለው ብዙ ያስተዋወቁት ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 1991! ያን ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ቀርቶት ነው። «ለአውዳመት ነው የለቀቁት» ብሎ አንዱ አሳቀን። ሌላዋ ደግሞ «ወደ አሜሪካ ለመድረስ ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል፤ በእኛ ግን ዓመቱ አልተለወጠም» አለች። የሒሳብ መምህራችን በዚህ ቅር አይላቸውም ብዬ አምናለሁ።

ስብሰባዎቹን በአጭሩ። በየሳምንቱ ረቡዕ ተገናኝተናል። የፈተና ሳምንታትና መብራት የጠፋባቸው አምስት ረቡዖች ሲቀሩ ማለቴ ነው። ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ፋይሉ ቢሮ ገብቷል። ታኅሣሥ ላይ ማሽኑ በጨዋታ መሀል በራሱ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። የተቃጠለውን ከፍተን ከደህናው ጋር አስተያየነው። ችግሩ ከፓወር ሰፕላዩ ሰሌዳ ጋር የሚያገናኙት መርፌዎች ላይ ያለው ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። አልኮል፣ ጥጥ፣ ላጲስ። ተፈታ። የሞተው ማሽን ለሕይወት ሳይንስ ክፍል እንደሚቀደደው እንቁራሪት አገለገለን።

ጥር ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ «ድሪምካስትን ማን ገደለው?» በአሜሪካ የመጀመሪያ 24 ሰዓት ብቻ 98.4 ሚሊዮን ዶላር ያስገባ ዕቃ ነው። ዋጋው 199 ዶላር ነበር። ሆኖም ሴጋ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 1993 ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በጠቅላላ የተሸጠው 9.13 ሚሊዮን ነው። ፕሌስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጧል።

አንደኛው ቡድን ዲቪዲ ነው አለ። ፕሌስቴሽን 2 ፊልምም ያጫውታል፤ በአንድ ብር ሁለት ዕቃ። ሁለተኛው ቡድን ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው፤ «ፊፋ የለውም።» እውነት ነው። የፊፋ ሠሪው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አንድም ጌም አልሠራም። እኛ አገር ጌም ቤት የገባ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሦስተኛው ቡድን ኮፒ ሲዲን ከሰሰ። ኤምአይኤል ሲዲ ለሚባል የሙዚቃ ዲስክ የተተወች ቀዳዳ ነበረች። በእሷ በኩል ተራ ሲዲ ላይ የተቀዳ ጌም ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ መነሳት ቻለ። «እኛ ሰፈር ቢመጣ በሳምንት ነበር የሚያልቅለት» አሉ።

እኔን ያሳመነኝ ግን አራተኛው ነው። ሴጋ ከዚያ በፊት ሳተርን የሚባል ማሽን ነበረው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1995 ላይ ከተባለው ቀን ወራት ቀድሞ በድንገት ለተመረጡ ሱቆች ብቻ አከፋፈለው። የተዘለሉት ሱቆች አኮረፉ፤ የጌም ሠሪዎቹም ሥራ አልደረሰም። አባቱ ባለሱቅ የሆነ ልጅ ተነሳ። «እኛ ሱቅ አንድ ዕቃ አምጪ ነበር። ሁለቴ ዋሸን። ሦስተኛው ጊዜ ደህና ዕቃ ይዞ መጣ፤ አባዬ በር ላይ መለሰው» አለ። ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው አልነበረኝም።

አፍቃሪዎቹ «ከዘመኑ የቀደመ ነው» ማለት ይወዳሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሞደም (በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያገናኝ ዕቃ) ውስጡ ተገጥሞለት ለኦንላይን ጨዋታ የወጣ የመጀመሪያው ማሽን እሱ ነው። ግን እንከኑንም እንናገር። የመያዣው ገመድ የሚወጣው ወደ ተጫዋቹ ሆድ ነው፤ ልጆቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ያማረሩት። ሲዲው ሲያነብ ደግሞ ቡና እንደሚፈጭ ያንጎራጉራል።

እኔን የገረመኝ ከሞተ በኋላ የሆነው ነው። የሴጋው አለቃ ኢሳኦ ኦካዋ ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው ኩባንያው ለእሳቸው ያለበትን ዕዳ ማሩት። 695 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የሴጋና የእናት ኩባንያው የሲኤስኬ አክሲዮናቸውንም መለሱ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2001 አረፉ። ጃፓን ውስጥ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ አዲስ ጌም ይወጣለት ነበር። ካሊስቲኦኤስ የሚባል ነፃ የፕሮግራም መሣሪያ ያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ለድሪምካስት ጌም ይጽፍበታል። ድሪምፒ የተባለው ደግሞ በትንሽ ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር የስልክ መስመሩን አስመስሎ የድሮውን ሞደም ያታልለዋል። ፋንታሲ ስታር ኦንላይን የሚባለውን ጌም ሴጋ ዘጋው፤ አፍቃሪዎቹ የራሳቸውን ሰርቨር ከፍተው ዛሬም ይጫወቱታል። በዚያ ጌም የተዘጋጁ ቃላትን መርጠህ ስትልክ ጃፓናዊው በጃፓንኛ፣ ጀርመኑ በጀርመንኛ ያነበዋል። በአምስት ቋንቋ ነው። «አማርኛስ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ልጆች ካሊስቲኦኤስ ላይ የፊደል ገበታ ስክሪን ላይ ለማውጣት እየታገሉ ነው። እስካሁን «ሀ» ወጥታለች፤ ትንሽ ዘመም ብላ።

ኦንላይኑን እኛ አልሞከርንም። የድሪምካስቱ ሞደም 56 ኪሎቢት ነው። አንዳንድ ቀን ከላቦራቶሪያችን መስመር ሳይሻል አይቀርም።

በወላጆች ቀን የተከፈተውን ማሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ እያንዳንዱ አካል ላይ ስሙን ለጥፈን አሳየን። ጎኑ ላይ ቹቹ ሮኬት ነበር፤ አራት ሰው በቀስት አይጦችን ወደ ሮኬት የሚመራበት። መያዣ ያለን ሁለት ብቻ ስለሆነ ሰልፉ እስከ በር ደረሰ። መጀመሪያ የጠቀስኳቸው ወላጅ አልመጡም። ልጃቸው ግን ክበቡ ውስጥ አለ።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ደህና የመበየጃ ብረት፣ የእኛው የሆነ ቴስተር (የላቦራቶሪውን በተዋስን ቁጥር ፊርማ ያስፈልጋል)፣ ሁለት መያዣ፣ ጥቂት ክብ ባትሪ። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ጓዳችሁን እዩልን። ስትልኩ ግን ስንት ቮልት እንደሆነ ጽፋችሁበት፤ ለእኔ።

የቪኤምዩውን ባትሪ በየካቲት ገዝተን ቀይረነው ነበር። ጩኸቱ ጠፋ። ግንቦት ላይ አለቀ። ረቡዕ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ በላቦራቶሪ 2 ስታልፉ «ጢጥ» ሲል ከሰማችሁ፣ እኛ ነን።