ስለዚያ ቹ ኤን ላይ ስለምትለው ሰውዬ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ስኳሩስ? እማዬ መድኃኒቱን እየረሳ ነው ብላ ከሳሃለች፤ እሱን በስልክ እንጨቃጨቅበታለን።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ቹ ኤን ላይ ነው። ልጆች ሆነን ሥራ ስንለግም "ቹ ኤን ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ታውቃላችሁ?" እያልክ ያሰለቸኸን ሰውዬ። እዚህ ቲያንጂን ለእሱና ለባለቤቱ ለዴንግ ዪንግቻዎ የተሠራ ትልቅ ሙዚየም አለ። ሄጄ አየሁት፤ ይበርበት የነበረው አውሮፕላን ሳይቀር ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩና አንተን የምጠይቀው ነገር መጣብኝ።

የምታውቀውን ቶሎ ልለፈው። በ1898 ተወለደ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ መቀነሱን ላንተ ትቻለሁ)፣ እዚሁ ቲያንጂን ተማረ፣ ጃፓንና ፈረንሳይ ደርሶ ተመለሰ፣ በ1949 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነና በ1976 እስኪሞት ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም። ማኦ ሥር 26 ዓመት! ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ይገባሃል።

ፎቶዎቹን ስታይ ቀኝ ክንዱ ሁልጊዜ እጥፍ ያለ ነው። እኔ ለግርማ ሞገስ ይመስለኝ ነበር። ለካ በ1939 የኮሚኒስቶቹ ዋና ሰፈር በነበረችው ያንአን ውስጥ ከፈረስ ወድቆ ተሰብሮ፣ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ቢታከምም አልቃና ብሎት ነው። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ሲገባ ቀድሞ እጁን የዘረጋው ለዚህ ሰው ነው። ከ18 ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደለስ አልጨብጥህም ብሎት ነበር ይባላል።

የኛም ነገር አለበት። ከ1963 መጨረሻ እስከ 1964 መጀመሪያ አፍሪካን ሲዞር 10 አገር ረገጠ፤ ጃንሆይ ግን የተቀበሉት አዲስ አበባ ሳይሆን አስመራ ነው። ያኔ ከቻይና ጋር ግንኙነት እንኳ አልነበረንም፣ አሜሪካም ዓይኗን አፍጥጣለች፣ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ከቻይና ጦር ጋር ከተታኮሰ ገና አሥር ዓመት ገደማ ነው። ሰውዬው አላኮረፈም። አስመራም ቢሆን መጣ። ግንኙነቱ በ1970 ተመሠረተ፣ በዓመቱ ጃንሆይ ራሳቸው ቤጂንግ ሄዱ።

አሁን ወዳልነገርከን ልምጣ። በ1956 ኢኮኖሚው በችኮላ አይሮጥ ብሎ የተከራከረው እሱ ነው። በ1958 ማኦ በዚህ ምክንያት በስብሰባ ላይ ሲወርፈው ግን ግለ ሂስ አደረገ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ተከትሎ የመጣው የማኦ የኢኮኖሚ ዘመቻ፣ "ታላቁ ግስጋሴ"፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ፈጀ። ከዚያ ደግሞ የባህል አብዮቱ። የማኦ ወጣት ተከታዮች፣ ቀይ ዘቦቹ፣ ቤት እየሰበሩ ሲገቡ፣ እነዚህ ሰዎች እንዳይነኩ ብሎ በ1966 የስም ዝርዝር አወጣ፤ የጥንቱን ቤተ መንግሥት በር አዘግቶ ከውድመት አዳነው። ይህን ያደረገው ይኸው ሰው ነው፣ በ1968 ፕሬዚዳንቱ ሊዩ ሻዎቺ ከፓርቲው ሲባረር እጃቸውን ካወጡት አንዱ የሆነው። ያን ቀን እጇን ያላወጣችው ቼን ሻዎሚን የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሊዩ በዓመቱ እስር ላይ እንዳለ ሞተ።

ሱን ዌይሺን ሰምተህ ታውቃለህ? አባቷ ሲገደል እሱና ዴንግ ዪንግቻዎ እንደ ልጃቸው የያዟት የቴአትር አዘጋጅ ናት። እነሱ አልወለዱም። በ1968 እስር ቤት ሞተች። የመያዣ ወረቀቷ ላይ የሱ ፊርማ አለበት ብለው የጻፉ አሉ።

ከማኦ በኋላ አገሪቱን የመራው ዴንግ ሺያዎፒንግ በ1980 ስለ ቹ ኤን ላይ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሊያደርገው የማይፈልገውን አድርጓል፣ ባያደርግ ግን ወንበሩ ላይ አይቆይም ነበር፣ ባይቆይ ደግሞ ጥፋቱ ይብስ ነበር፣ ሕዝቡም ለዚህ ነው ይቅር ያለው ብሏል። እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው። ዝርዝሩ ውስጥ ለገቡት እውነት ነው። ሱን ዌይሺስ? እሱ ራሱስ አምኖበታል? በ1975 ካንሰሩ ጠንቶበት ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገፉት፣ ፓርቲውን ከድቷል ስለሚል አንድ አሮጌ ክስ የተናገረው ቃል የተጻፈበትን ወረቀት አስመጥቶ ፈረመበት፣ ለፓርቲው ታማኝ ነኝ እያለም ጮኸ ይላሉ። የሚሞት ሰው አባዬ! ዶክተሩን ሳይሆን ፋይሉን ነው የፈራው።

አንተም በጃንሆይ ጊዜ ተቀጥረህ ደርግን አልፈህ ነው ጡረታ የወጣኸው። የውይይት ክበቡን፣ ሂስና ግለ ሂሱን ስታወራን ሁሌ እንደ ቀልድ ነው፣ እኛም እንስቃለን። ክፉ ሠርተሃል እያልኩ አይደለም፣ እንዳይከፋህ። ግን ጠረጴዛህ ላይ ይመጣ የነበረው ወረቀት ምን ነበር? አልፈርምም ያልከው አለ? የፈረምከውስ? ስብሰባ ላይ እጅህን ያወጣህበት ሰው ዛሬ የት ነው?

እሁድ ስደውል እማዬ ቡና ማፍላት ስትጀምር ስልኩን ይዘህ በረንዳ ውጣ፣ እሷ እየሰማች እንደማታወራ አውቃለሁ። መናገር ካልፈለግክ አልፈልግም በለኝ፣ አልቀየምም። ብቻ እንደ ልማድህ ወደ ዜና እንዳትወስደኝ።

ልጅህ