ማይኩ አልተዘጋም ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዜና አንባቢዎች ስህተት የጻፋችሁትን አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ነበር። እኔም አዲስ አበባ፣ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የምሠራው። አላገባሁም፤ ይህን የማነሳው ለማስታወቂያ አይደለም (ቢሆንም አልጠላም)።

የማታው የ2 ሰዓት ዜና ሊጀመር 3 ደቂቃ ሲቀረው እናቴ ደወለች። ማይኩ ኮቴ ላይ ተሰክቷል። «እማዬ፣ ባል ከገበያ አይሸመት፣ ተይኝ በቃ!» አልኳት። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰው በሙሉ ሰማ። ካሜራማኑ እስከ ዛሬ «መርካቶ እየሄድኩ ነው፣ አንድ ላምጣልሽ?» ይለኛል።

የሰዓቱ ጉዳይ ግን ይብሳል። ከውጭ ዜና ወኪል የኳስ ጨዋታው በ18 ሰዓት ጂኤምቲ (በግሪንዊች ሰዓት) ይጀመራል የሚል መጣ፣ 3 ጨምሬ 21 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ሲገባኝ ቸኩዬ «ከምሽቱ 6 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩት፣ ተነበበም። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ እኔን አምነው እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን ቢከፍቱ ኳሱ አልቋል። ሳምንት ሙሉ በር የከፈቱልኝ ፊታቸውን አዙረው ነው።

ከወገብ በታች ስለምንለብሰው ነገር ደግሞ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከዜና ክፍል