የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ መሐረቡን ማን አነሳው?

«ለማትሪክ ምን ይጠቅማቸዋል?» ስለ ክበባችን ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ከወላጅም፣ ከመምህራን ማረፊያም፣ አንዳንዴ ከራሳቸው ከተማሪዎቹም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልስጥ። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው። ልጁ ኤ ወይም ቢ አጥቁሮ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ገና በመጀመሪያው ዓመት ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ይጠብቀዋል። አንቀጽ ጻፍ፣ ተከራከር፣ ቆመህ አቅርብ ይባላል። ያኔ የሚያጠቁረው ነገር የለም። ክበባችን ልጆቹን የሚያዘጋጀው ለዚያ ነው። «የሶሻል ልጆች መዝናኛ ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል፦ ከአባሎቻችን የሚበዙት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው።

አካሄዱን የቀዳነው ኤ ሌቭል ከሚባለው የእንግሊዞቹ የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትምህርት ነው። እዚያ ሥነ ጽሑፍን የመረጠ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ያጠናዋል። ቢያንስ ስምንት ሥራዎች ያነባል። ሦስቱ እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት የተጻፉ መሆን አለባቸው፤ ከእነሱም አንዱ የግድ የሼክስፒር ነው። ከ2000 ወዲህ የወጣም አይቀርም። ፈተናው ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ጽሑፍ ይሰጠዋል። ከውጤቱ 20 በመቶው የሚያዘው ጊዜ ወስዶ በሚጽፈው ድርሰት ነው። እኛ ስምንቱን አልሞከርንም። ስምንት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ ከየት ይመጣል? ላይብረሪያችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የዘወትር ስብሰባዎቻችን ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነበሩ። ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ግጥም አቀረብን። ሁሉንም ብዘረዝር አንባቢ ገልብጦ ወደ ስፖርት ክበብ ገጽ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር የገጣሚውን ስም ቆርጠን የጣልንለት አንድ ሶኔት አቀረብኩላቸው። አሥራ አራት መስመር ብቻ። ሁሉም መዝገበ ቃላት ላይ ተረባረቡ። ከለከልኳቸው። መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው የሚናገረው? ሐሳቡ የሚታጠፈው የቱ መስመር ላይ ነው? የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ለብቻቸው ቤት የሚመቱት ለምንድን ነው? አንድ ሰዓት ሙሉ አሥራ አራት መስመር ላይ ተጣሉ። እኔም ዝም ብዬ አየኋቸው። ቀጥሎ የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» አነበብን። ርዕሱ ከአየርላንዳዊው ገጣሚ ከዬትስ ግጥም የተወሰደ ስለሆነ ልቦለዱንና ግጥሙን ጎን ለጎን አስቀምጠን አወዳደርን። እሱ ራሱን የቻለ ዘገባ ይወጣዋል፤ እዚህ ልለፈው።

ሁለተኛው ሴሚስተር የሼክስፒር ተውኔት የኦቴሎ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ስሙን ወላጆችም ያውቁታል፤ ልጆቹ ቤት ሄደው የሚያወሩት አያጡም ብዬ ነው የመረጥኩት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ሆነን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን። አጥማጆቹ ጀልባ አስጠግተው ዓሣ ከመረብ ያላቅቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪጣልላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሦስተኛውን ገቢር ማንበብ ጀመርን። ጦጣ የአንዱን ልጅ ሙዝ ከእጁ ነጥቃ እስክትሮጥ ድረስ ንባቡ በሥርዓት ሄዷል።

ሳቁ ሲበርድ ክርክሩ ተነሳ። ኦቴሎ ሚስቱን ዴስዴሞናን ከዳችኝ ብሎ ይገድላታል፤ ጥፋቱ የማን ነው? ሁሉም በመሐረቧ አታሎ ኦቴሎን ባሳመነው በኢያጎ ላይ ፈረደ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ስም ስጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿ አይሰማም። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኤሚሊያስ?»

መሐረቡን ያነሳችው ኤሚሊያ ናት አለች። ለባሏ ለኢያጎ የሰጠችውም እሷ ናት። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አታውቅም፤ ይሁን። ግን ዴስዴሞና መሐረቤ የት ወደቀ ብላ ስትጠይቃት ፊት ለፊት ቆማ አላውቅም ትላታለች። ከዚያ ኦቴሎ ገብቶ መሐረቡን አምጪ እያለ ሚስቱን ሲያስጨንቃት ኤሚሊያ እዚያው ናት። አትተነፍስም። እሱ ተቆጥቶ ሲወጣ ይሄ ሰውዬ ቀናተኛ አይደል እንዴ ብላ ትጠይቃለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትናገር ጣቷ ከመስመሮቹ ላይ አልተነሳም።

አንዱ ልጅ አላስቻለውም። «በአምስተኛው ገቢር እውነቱን ተናግራ የለ እንዴ? በባሏ እጅ የሞተችው እኮ በሱ ነው!»

«ያኔማ ዴስዴሞና ሞታለች» አለችው።

አጠገባችን መረብ የሚጠግኑ አንድ አባት ምን እንደሚያጨቃጭቀን ጠየቁ። ታሪኩን በአማርኛ አወራችላቸው። እጃቸውን ሳያቆሙ አዳመጧት። «ባሏን ፈርታ ነዋ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ልጅቷ ወዲያው ጎንበስ ብላ ጻፈችው። የኔ ዓሣ ሾርባ ቀዝቃዛ ውኃ ሆኗል። ሰኞ ማንም ሳያዛት ሁለት ገጽ ድርሰት አመጣችልኝ፤ ግማሹ ኤሚሊያን ይከሳል፣ ግማሹ ይሟገትላታል፣ ሁለቱም ከጽሑፉ ማስረጃ አላቸው። ኤ ሌቭል የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ያልተሳካም አለ። ለወላጆች በዓል የተለማመድነው ትዕይንት በሰዓት መጣበብ ተሰረዘ። ከ12ኛ ክፍል አባላት አብዛኞቹ ወደ መጨረሻው ቱቶሪያል ገብተው ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም። ሙሉ መጽሐፍ የነበረው በኔ እጅ ያለው ብቻ ነው። ሌላው በልጆቹ ኪስ የተባዛ ፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ ቀለም አልቆ አራተኛው ገቢር ከግማሹ በኋላ ባዶ ወረቀት ሆኖ ወጥቷል። ስፖርት ክበብ ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል። ደስ ብሎናል፤ ልጆቻችንም ለብሰውታል። የአንድ ማሊያ ዋጋ ስንት ገቢር ፎቶ ኮፒ እንደሚያስነሳ ግን አስልቼዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለሁለት ልጅ አንድ የተውኔት መጽሐፍ ይድረስ፤ ቁልፍ ያለው መደርደሪያም ይገዛልን። የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ወላጆች፣ ቤታችሁ የተቀመጠ የእንግሊዝኛ ልቦለድ፣ ተውኔት ወይም የግጥም መጽሐፍ ካለ ለላይብረሪ ሠራተኛዋ በክበቡ ስም ስጡልን። ሽፋኑ የተገነጠለም ቢሆን እንቀበላለን፤ ማጣበቁን ልጆቹ ለምደውታል።