ባለቤትነት ከሊብሬ ኅትመት ቀን አይቆጠርም፦ ለጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ዋና ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው መኪናዬ ከቀረጥ ነጻ እንድትገባ በመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ያደረግኋቸው ማመልከቻዎች አንድም የጽሑፍ መልስ ስላላገኙ ነው። ቅሬታ ሰሚው ወደ ሰነድ መርማሪው፣ መርማሪው ወደ ቡድን መሪው፣ ቡድን መሪው ደግሞ መልሶ ወደ ቅሬታ ሰሚው ሲመራኝ፣ መኪናዬ ወደብ ላይ ቆማ የመጋዘን ኪራይ ይታሰብባታል።

ደንቡን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ኑሮውን ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ለ6 ወራት በባለቤትነት ይዞ የተጠቀመበትን ተሽከርካሪ ከቀረጥ ነጻ ማስገባት እንደሚችል፣ ካስገባ በኋላም ለ12 ወራት መሸጥም ሆነ ማከራየት እንደማይፈቀድለት መመሪያችሁ ይደነግጋል። ገደቡ የተጣለው ለንግድ የተገዛ መኪና በነዋሪ ስም ያለ ቀረጥ እንዳይገባ ስለሆነ፣ በገደቡ ላይ ተቃውሞ የለኝም።

መኪናዬ ግን ከዓመታት በፊት በባንክ ብድር የገዛኋት፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩባት ናት። ዕዳ ያለባት መኪና ያለ አበዳሪው ፈቃድ ከአገር ስለማትወጣ፣ ከመጫኗ በፊት ቀሪውን ብድር ከፍዬ ጨረስኩ፤ ባንኩ መያዣውን ሲለቅም መዝጋቢው አካል የባንኩ ስም የተሰረዘበትን አዲስ ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ሰጠኝ። የእናንተ መርማሪ 6ቱን ወራት መቁጠር የጀመሩት ይህ ሊብሬ ከታተመበት ቀን ነው። በዚህ ስሌት መኪናዋ በእጄ ከገባች ገና ጥቂት ሳምንታት ስለሆኑ ሙሉ ቀረጥ እንድከፍል ተነገረኝ፤ የተነገረኝም በቃል ብቻ ነው።

የሽያጭ ውሉን፣ የቀድሞውን ሊብሬ፣ በየዓመቱ በስሜ የታደሰውን ኢንሹራንስና የባንኩን የመያዣ መልቀቂያ አቅርቤአለሁ። በሁሉም ላይ የሰፈረው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ መለያ አንድ ነው፤ የባለቤቱም ስም አንድ ነው። ባንኩ የነበረው የመያዣ መብት እንጂ ባለቤትነት አይደለም፤ መያዣ ሲነሣም ባለቤት አይለወጥም። ዕዳዋን ሳልከፍል ባመጣት ኖሮ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ያምጡ ተብዬ እመለስ ነበር፤ ከፍዬ ብመጣ ደግሞ ያው ክፍያ መብቴን አሳጣኝ። ታዲያ በብድር መኪና የገዛ ሰው ሕጉን አክብሮ የሚገባው በየትኛው በር ነው?

የቃል ውሳኔው ከሁሉ በላይ የጎዳኝ ይግባኝ ሰሚው አካል ያለ ውሳኔ ግልባጭ መዝገብ ስለማይከፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሻሻለው የኪዮቶ የጉምሩክ ስምምነት፣ በአጠቃላይ አባሪው 10ኛ ምዕራፍ፣ የጉምሩክ ውሳኔ በቀጥታ የሚነካው ሰው ምክንያቱን ሲጠይቅ አገሪቱ በሕግ በወሰነችው ጊዜ ውስጥ እንዲገለጽለት ያዛል፤ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ሳይሰጥ ሲቀርም ይኸው መብት ይሠራል። እኔ ጠይቄአለሁ፤ እናንተ ዝም ብላችኋል። የዝምታችሁን ኪራይ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ፤ የማቆያ ጊዜው ሲያልፍም መኪናዬ እንደተተወ ዕቃ ተቆጥራ ለሐራጅ ልትቀርብ ትችላለች።

ስለዚህ ውሳኔያችሁ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ክርክሩ እስኪያልቅም መኪናዬ በዋስትና ትለቀቅልኝ። ማመልከቻዬ ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ የተቆጠረውን የመጋዘን ኪራይ መሥሪያ ቤታችሁ ይሸፍን፤ ያዘገያችሁት እናንተ ናችሁና።