ማሙሽን ለፈለጋችሁልን ሁሉ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጃችን ከቤት ወጥቶ ለሦስት ሰዓት ያህል ጠፍቶብን ነበር። ተገኝቷል፣ ደህና ነው። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቆርኪ እየደረደረ ነው። ከፈለጋችሁልን ሰዎች የግማሾቻችሁን ስም እንኳ አላውቅም። ለዚህ ነው እዚህ የምጽፈው።

ማሙሽ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። ስሙን ብትጠሩት ዞር አይልም። የማይሰማ ይመስላል፣ ግን ጓዳ ውስጥ የብስኩት ላስቲክ ሲቀደድ ከግቢ በር ሆኖ ይሰማል። ውሃ ካየ ደግሞ ሌላ ነገር አይታየውም። ይሄ የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ሹልክ ብለው ይወጣሉ፣ ውሃም ይስባቸዋል። የኛ ቤት ደግሞ ከጣና በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ስልክ ላወራ ወጥቼ ስመለስ በሩን ገርበብ አድርጌው ገባሁ።

መጀመሪያ የማመሰግነው ጥጉ ላይ ቡና የምታፈዪውን እታለምን ነው። እኔ ደንግጬ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስሮጥ «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ውሃው!» ብለሽ የጮኽሽብኝ አንቺ ነሽ። ጀበናሽን እሳት ላይ ትተሽ፣ ጠጪዎችሽን ከነሲኒያቸው አስነሥተሽ ወደ ሐይቁ ነዳሻቸው። ሂሳብ ሳይከፍል የሮጠ ካለ እኔ እከፍላለሁ።

የባጃጅ ሹፌሮች፣ ወንድሞቼ፣ ፎቶውን ከስልኬ ወስዳችሁ በቴሌግራም ተቀባበላችሁት። ነዳጅ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትሰለፉ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ከተማውን ስትዞሩ አንድም ሰው ሂሳብ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ደግሞ የድምፅ ማጉያው ነገር አለ። አንድ ደግ ሰው አስቦ ስሙን በማይክ አስጠራልን። ማሙሽ ማይክ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይደበቃል። ጥምቀት በመጣ ቁጥር የምናገኘው አልጋ ሥር ነው። እየሮጥኩ ሄጄ «እባካችሁ አትጥሩት» አልኩ። ልጁ ጠፍቶበት አትጥሩት የሚል አባት! የተወሰኑት እንደ እብድ አዩኝ፣ አልፈርድባቸውም። አንተ ማይኩን የያዝከው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ግን ለምን ብለህ ሳትጠይቅ አጠፋኸው። ቀጥለህም ዳር ዳሩን እየሄድክ ሰዉን «ሳትጮኹ ፈልጉ» አልክልኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ አባባ።

ታንኳ ሊሠሩ ደንገል ዘርግተው ሳለ ማሙሽ መጥቶ አጠገብዎ ቁጭ አለ። የማን ልጅ ነህ ብለው ጠየቁት፣ ዝም አለ። ሁለተኛ አልጠየቁትም። እጁንም አልያዙትም። የደንገል ቁርጥራጭ አንሥቶ መደርደር ሲጀምር እርስዎም አንድ ጨመሩለት። ቀጥሎ ሌላ፣ ትንሽ ከውሃው ራቅ አድርገው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ድርድሩን ወደ ደረቁ መሬት ወሰዱት፤ ልጄም ተከትሎት መጣ። እኔ ደርሼ ዘልዬ ላቅፈው ስል እጅዎን ዘረጉብኝና «ቀስ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ ስጠይቅዎ «የእህቴ ልጅ እንዲሁ ነበር» ብቻ አሉ። ከዚያ ደንገልዎን ማሰር ቀጠሉ።

ይህችን ነገር ማታ ለባለቤቴ ስነግራት አለቀሰች። በዚያ ዘመን ነገሩ ስምም አልነበረውማ። እሷ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማችው ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ስለ ገዛ ልጇ በአደባባይ ስትናገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ልጆች ማዕከል የከፈተችው እሷ ናት። ነፍሷን ይማር። ምስጋናችን ለእሷም ይድረስ።

ከቅዳሜ ወዲህ «ምን ሆኖ ነው?» እያላችሁ የምትጠይቁን ጎረቤቶች፣ አልከፋንም፤ ጠይቁን። አእምሮው ከመነሻው በሌላ መንገድ ስላደገ ነው። አይተላለፍም። እናቱ ያጠፋችው ነገር የለም፣ ይሄን በተለይ ያዙልኝ። ጸበልም ወስደነዋል፣ ደስ ብሎት ጠልቋል። ትምህርት ቤት ብለን ስንሞክር በሦስተኛው ቀን «ሌሎቹን ይረብሻል» ተብለን ተመልሰናል። ያን ቀን ከቅዳሜው ሕዝብ አንድ አሥሩ አጠገባችን ቢኖር ብዬ ተመኝቻለሁ።

ብቻውን ካያችሁት አትሩጡበት፣ አትያዙት። በእሱና በውሃው መካከል ቁሙ። ቆርኪ ካላችሁ ስጡት። አንገቱ ላይ ነገር ማንጠልጠል ስለማይወድ ባለቤቴ ስልካችንን በሸሚዙ ጠርዝ ላይ ጠልፋዋለች፣ በውስጥ በኩል እዩት።

በነጻ ከፍ ያለ መቀርቀሪያ የበየድክልን ጎረቤቴ፣ እስካሁን እየሠራ ነው። ማሙሽ በወንበር ሞክሮታል።

አባባ፣ አንድ ነገር ቀረ። ከደንገልዎ ላይ 14 ቁራጭ ይዞብዎት መጥቷል። ኮሪደሩ ላይ ደርድሮት ማንም እንዳይነካው እየጠበቀ ነው። የምመልስ አይመስለኝምና እሑድ ስመጣ ዋጋውን ይንገሩኝ።