መስማት የተሳናቸው ሕፃናት አንደኛ ክፍል እስኪገቡ ለምን ይጠብቃሉ?

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት ከመደበኛ ትምህርት በፊት የምልክት ቋንቋ እንዲደርሳቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

የምልክት ቋንቋ መምህር ነኝ። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ሰባት ዓመት ሞልቷቸው አንደኛ ክፍል ሲገቡ ያላቸው መግባቢያ ከእናታቸው ጋር የፈጠሯቸው ጥቂት የቤት ምልክቶች ብቻ ናቸው። በእነዚህ ምልክቶች ውኃና እንጀራ መጠየቅ ይቻላል፤ «ትናንት ለምን ተቆጣሽኝ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም።

ይህ ጉድለት በሪፖርቶች ላይ የሚታየው እንደ ንባብና ጽሕፈት መዘግየት ተደርጎ ነው። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው እላለሁ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌሎች እርሱን የሚያዩበትን ዓይን ተውሶ ራሱን ሲመለከት እንደሆነ አስተምሯል። መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ላይ ጭምር የሠራው የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪም፣ የልጅ ከፍተኛ የአእምሮ ችሎታዎች መጀመሪያ በሰዎች መካከል፣ ቀጥሎም በልጁ ውስጥ እንደሚገለጡ ጽፏል። ሁለቱም እንደሚሉት ከሆነ፣ የሚያነጋግረው ያጣ ሕፃን የሚቀርበት ራሱ አስተሳሰቡ የሚሠራበት ነገር ነው።

ቡና ሲፈላ አጠገብ የሚጫወት ሕፃን «የምትመጪ መስሎኝ ጠበቅኩሽ»፣ «ረስቶት እንጂ ንቆሽ አይደለም» ሲባል ይሰማል። ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው፣ ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ ሊያምን፣ በልቡ ሌላ ይዞ በአፉ ሌላ ሊናገር እንደሚችል ከጨዋታው መካከል ይቀስማል። መስማት የተሳነው ወንድሙም እዚያው ተቀምጧል፤ ፊቶች ሲለዋወጡ ያያል፣ ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ የተሳቀው ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

የዚህ ውጤት በመካከለኛው አሜሪካዋ አገር በኒካራጓ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 በዋና ከተማዋ በማናጓ ውስጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ እዚያ የተሰባሰቡት መስማት የተሳናቸው ልጆች በራሳቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ መፍጠር ጀመሩ፤ ከእነርሱ ኋላ የገቡት ታናናሾችም ቋንቋውን ተቀብለው አበለጸጉት። ተመራማሪዎቹ ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጎልምሰውም እንኳ፣ የተሳሳተ እምነት የያዘ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል በመገመት ረገድ ከታናናሾቹ ያንሱ ነበር። ስለ ማሰብና ስለ ማወቅ የሚነጋገሩባቸውን ምልክቶች ካዳበሩ በኋላ ግን ችሎታቸው ተሻሻለ። መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልደው ከጨቅላነታቸው በምልክት ያደጉ ልጆችም በዚህ ረገድ ከሚሰሙ እኩዮቻቸው ወደ ኋላ እንደማይቀሩ በሌሎች ጥናቶች ተረጋግጧል። ስለዚህ ጉድለቱ ከጆሮ የመጣ አይደለም፤ ከጭውውት መታጣት የመጣ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24ም መንግሥታት የምልክት ቋንቋ ትምህርትን እንዲያመቻቹ ያስገድዳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ባለሙያዎችን በዲግሪ ያሠለጥናል። የቀረው እነዚህን ባለሙያዎች ወደ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ማውረድ ነው። በእኔ እምነት መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች በረዳት መምህርነት ቢቀጠሩ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅማሉ፤ ሕፃኑ እንደ እርሱ ያለ ሰው አድጎ፣ ሠርቶ፣ ቀልዶ ያያልና። በአካቶ ትምህርት ስም አንድን ልጅ ምልክት በማያውቁ ልጆች መካከል ብቻውን ማስቀመጥ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ማካተት ሊባል አይገባም። በአንድ ወረዳ ያሉት በአንድ ማዕከል ተሰባስበው እርስ በርሳቸው ይጫወቱ። ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞች እህቶችም እዚያው ምልክት ይማሩ። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እነዚህን ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ለይተው ወደ ማዕከሉ የሚልኩበትን አሠራር ከጤና ሚኒስቴር ጋር እንዲዘረጉልንም እጠይቃለሁ።

ለዚህ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የተያዘ በጀት መኖር አለመኖሩን ሚኒስቴሩ በይፋ እንዲያሳውቅ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምልክት ቋንቋ መምህር